አደላይድ አንድ መርከብ ናት ወይስ ሦስት?

ጥያቄው ይህ ነው። ፐርዝ የሚኖር አጎት ያለው አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አጎቴ አደላይድ የምትባል የአውስትራሊያ ፍሪጌት አንድ እንግሊዛዊ ከተገለበጠ ጀልባ ሆድ ውስጥ ከቀናት በኋላ በሕይወት አወጣች ይለኛል። እኔ ደግሞ ስሟን የማውቀው ስደተኞች ልጆቻቸውን ባሕር ውስጥ ወረወሩ ከተባለው ወሬ ጋር ነው። ሰሞኑን ደግሞ በፈንጂ ስትሰጥም የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። አንድ መርከብ ናት ወይስ ሦስት? ማን ነው ያሰጠማት? ከሰጠመችስ ዛሬም አደላይድ የሚባል መርከብ እንዴት ይኖራል?»

ወንድሜ፣ አንድ ናት። እንግሊዛዊውን ያወጣችውም፣ በዚያ ወሬ ስሟ የተነሳውም፣ በፈንጂ የሰጠመችውም ያቺው አንዲት ፍሪጌት ናት። ያሰጠማት ጠላት አይደለም፣ የገዛ አገሯ ናት። ስለ ልጆቹ የተወራው ግን ውሸት ነው። ያ ውሸት ደግሞ ከመርከቧ አልወጣም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሰው እንዲያውቃት አጥብቄ ስለምፈልግ መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

እኔ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። እንጀራዬ የንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። የዚችን ፍሪጌት ታሪክ መከታተል የጀመርኩትም በሞተሯ ምክንያት ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ፍሪጌት ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ፍሪጌት ግዙፍ መርከብ አይደለችም። ዋና ሥራዋ ሌሎች መርከቦችን አጅቦ መሄድ፣ ሰርጓጅ መርከብ ማደን፣ ከሰማይ የሚመጣ አውሮፕላንና ሚሳይል መከላከል ነው። ዲስትሮየር ከሚባለው ትልቅ የጦር መርከብ አነስ፣ ከጠረፍ ጠባቂ ጀልባ በጣም ተለቅ ትላለች። ለብዙ አገር ባሕር ኃይል የዕለት ተዕለት ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። የትም ቦታ ችግር ሲነሳ ቶሎ ተነስታ የምትሄደው ፍሪጌት ስለሆነች፣ የአንዷን ፍሪጌት ታሪክ ስታነብ የአገሪቱን የ30 ዓመት ጭንቀት አብረህ ታነባለህ።

አደላይድ የተወለደችው አውስትራሊያ ውስጥ አይደለም። አውስትራሊያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራሷን ቀላል ዲስትሮየር ነድፋ ልትሠራ አስባ ነበር፣ በ1973 ግን ዕቅዱን ሰረዘችው። ከዚያ የአሜሪካኖቹን አዲስ ፍሪጌት ንድፍ ለመግዛት ተስማማች። ኦሊቨር ሃዛርድ ፔሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ስለዚህ አደላይድ ሲያትል ከተማ በሚገኝ የመርከብ ማምረቻ ሐምሌ 1977 ተጀመረች፣ ሰኔ 1978 ውሃ ነካች፣ ኅዳር 15 ቀን 1980 ደግሞ የአውስትራሊያን ባንዲራ ሰቅላ ሥራ ጀመረች። የጎን ቁጥሯ 01 ነው። እሷን ተከትለው አምስት እህቶች መጡ፦ ካንብራ፣ ሲድኒ፣ ዳርዊን፣ ሜልበርንና ኒውካስል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሲያትል ተሠሩ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዊሊያምስታውን፣ ቪክቶሪያ ውስጥ።

ርዝመቷ 138 ሜትር ነው። ክብደቷ 4100 ቶን ያህል። ከ180 በላይ መርከበኛ ትይዛለች። ፊት ለፊቷ አንድ ክንድ ያለው የሚሳይል ማስወንጨፊያ አለ፣ ከሥሩ 40 ሚሳይል ይከማቻል። መሐል ላይ 76 ሚሊሜትር መድፍ፣ በጎንና ጎን የቶርፒዶ ቱቦዎች፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሔሊኮፕተር የሚያሳድር መጠለያ። ለነገራችን ዋናዋ ሔሊኮፕተሯ ናት። መጀመሪያ ላይ የምትይዘው ቀላል ሔሊኮፕተር ነበር፤ ሲሃውክ የሚባለው ትልቁ ሲመጣ ማረፊያው ስላልበቃው የመርከቧ ጅራት ተቆርጦ ረዘመ። ያ ቅጥያ ባይደረግ ኖሮ አጎትህ የነገረህ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አሁን ሞተሩ። ባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ የሰለጠናችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ እኛ የምንሠራበት የንግድ መርከብ በትልቅ ናፍጣ ሞተር ነው የሚሄደው። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ለሳምንታት ሳይሰለች ይሠራል። አደላይድ ግን ሁለት የጋዝ ተርባይን ነበራት፣ የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ከሚበርበት ሞተር ቤተሰብ የወጣ። በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ሁለቱ ተደምረው 41000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፣ መርከቧም 29 ኖት ትነዳለች፣ በመኪና ቋንቋ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። 4100 ቶን ብረት በዚያ ፍጥነት ባሕር ላይ ሲሄድ አስበው! ዋጋው ነዳጅ ነው። በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ነዳጁ እንደ ጉድ ያልቃል። በ20 ኖት ረጋ ብላ ከሄደች 4500 የባሕር ማይል ትደርሳለች፤ ከፈጠነች ግን ይሄ ቁጥር በጣም ይወርዳል። ሁለቱም ተርባይኖች የሚያዞሩት ደግሞ አንድ ፕሮፔለር ብቻ ነው። አንዱ ቢበላሽ ወይ ቢመታ ተብሎ ከሆዷ ሥር የሚወርዱና የሚመለሱ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተገጥመውላታል፣ በእነሱ እየተሳበች ቤቷ እንድትገባ። በእኔ ሙያ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የሚያስብ ንድፍ አውጪ ሲገኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ ዓመቶቿን ቶሎ ልለፋቸው። ግንቦት 1987 ፊጂ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ፣ እዚያ ያሉ አውስትራሊያውያንን ማውጣት ካስፈለገ ተብሎ ከሄዱት መርከቦች አንዷ ነበረች። ነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ከእህቷ ከዳርዊንና ነዳጅ ከምታቀብለው ሰክሰስ ጋር ወደ ባሕረ ሰላጤው ሄደች፣ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ እንዲከበር የንግድ መርከቦችን ማስቆምና መፈተሽ ነበር ሥራቸው። መስከረም 1999 ደግሞ ምሥራቅ ቲሞር ላይ ዓለም አቀፉ ጦር ሲገባ አብራ ነበረች። መኖሪያዋ ለረጅም ጊዜ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው፣ ከፐርዝ ወረድ ብሎ ያለው የባሕር ኃይል ሰፈር። አጎትህ የሚያውቃት ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ አጎትህ ታሪክ እንግባ።

ቬንዴ ግሎብ የሚባል ውድድር አለ። አንድ ሰው ብቻውን፣ በሸራ ጀልባ፣ የትም ሳይቆም፣ የማንንም እርዳታ ሳይቀበል ዓለምን ይዞራል። ከፈረንሳይ ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ከአንታርክቲካ በላይ ባለው ባሕር ላይ ይዞራል። ያ ባሕር ነፋሱን የሚያቆም አንድም መሬት የለውም። ማዕበሉ ዓለምን እየዞረ ያድጋል። እኔ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም፣ የሚያልፍ የንግድ መርከብም ከስንት አንዴ ነው።

ጥር 1997 መጀመሪያ ላይ በአንድ ማዕበል ሁለት ጀልባ ተገለበጠ። አንዱ የፈረንሳዊው የቲየሪ ዱቧ፣ ሌላው የእንግሊዛዊው የቶኒ ቡሊሞር ነበር። የአደጋ ምልክታቸው በሳተላይት አልፎ በአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንብራ ያለው የነፍስ አድን ማዕከል ደረሰ። ቦታው ከአውስትራሊያ ጠረፍ 2500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአዲስ አበባ ካይሮ እንደማለት ነው፣ ያውም በማዕበል ላይ። የትኛውም ሔሊኮፕተር ከመሬት ተነስቶ እዚያ ደርሶ አይመለስም። የአየር ኃይሉ ኦራየን አውሮፕላኖች ሄደው ዱቧን አዩት፣ የነፍስ አድን ጀልባም ጣሉለት፣ ከገባበት በኋላ ጠብቅ ከማለት በቀር ሌላ ሊያደርጉለት የሚችሉት አልነበረም። የቡሊሞርን ጀልባ ደግሞ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ አዩዋት፣ ሰው ግን አይታይም።

አደላይድ ወጣች። ካፒቴኗ ሬይደን ጌትስ ነበር። ከላይ የነገርኩህን ስለ ነዳጅ አስታውስ። በፍጥነት መሄድ አለባት፣ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከፈጠነች ደግሞ መመለሻ ነዳጅ አይተርፋትም። ስለዚህ ነዳጅ ጫኟ ዌስትራሊያ ከኋላዋ እንድትከተል ተደረገ። ይህን ነገር የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፣ ለእኔ ግን የዚያ ነፍስ አድን ሥራ ግማሹ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ቡሊሞር ግን ጀልባው ውስጥ ነበር። ያኔ 57 ዓመቱ ነው። ጀልባው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው ከሥር ያለው ክብደት፣ ኪል የሚባለው፣ ተሰብሮ ሲሄድ ጀልባው በቅጽበት ተገለበጠ። መስኮቱ ተሰበረ፣ ውሃ ገባ፣ መብራት የለም። ወለሉ ጣሪያ ሆነ። የቀረውን አየር እየተነፈሰ፣ ከውሃው ከፍ ባለች መደርደሪያ ላይ ተጠቅልሎ በዚያ ጨለማ አራት ቀን ቆየ። የትንሽ ጣቱን ጫፍ መዝጊያ ቆርጦታል። ምግቡ አብዛኛው በውሃ ተጠርጎ ሄዷል።

ጥር 9 ቀን መርከቧ ደረሰች። መጀመሪያ ሲሃውኳ ተነስታ ዱቧን አነሳችው። ከዚያ ወደ ቡሊሞር ጀልባ ተጠጉና መርከበኞች በጎማ ጀልባ ሄደው ሆዷን አንኳኩ። በእጅ ነው ያንኳኩት! ውስጥ ያለው ሰው ሰማ። ከውስጥ ጮኸ፣ ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ በዚያ ብርድ ውሃ ውስጥ ጠልቆ በጀልባው ሥር አለፈና ከጎኗ ብቅ አለ። ቆርጠው ሊያወጡት መሣሪያ ይዘው ነበር፣ እሱ ቀደማቸው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ነበር።

ያኔ አውስትራሊያ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ለጨዋታ ብለው ባሕር ለሚወጡ ሰዎች ለምን የሕዝብ ገንዘብ ይወጣል ያሉ ነበሩ። መልሱ ግን ግልጽ ነው፣ የሕግ ግዴታ ነው። በ1979 የተፈረመ የፍለጋና የነፍስ አድን ስምምነት አለ፣ በእሱ መሠረት ባሕሩ ለአገሮች ተከፋፍሏል። የአውስትራሊያ ድርሻ የምድርን ገጽ አንድ አሥረኛ ያህል ይሸፍናል። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ላይ ደግሞ ማንኛውም ካፒቴን ባሕር ላይ ሊሞት ያለ ሰው ካገኘ የማዳን ግዴታ እንዳለበት ተጽፏል። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ፓስፖርት አለህ ወይ አይባልም። እኛ መርከበኞች ይህን ከሁሉም በፊት ነው የምንማረው። ይህን ያዝልኝ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያቺው መርከብ ላይ ይመጣል።

2001። ነሐሴ ላይ ታምፓ የምትባል የኖርዌይ ዕቃ ጫኝ መርከብ ከ430 በላይ ስደተኞችን ከምትሰጥም ጀልባ አነሳች፣ አውስትራሊያ ግን አታስገቢም አለቻት። ከዚያ ወዲያ መንግሥት አዲስ ትእዛዝ አወጣ። ከኢንዶኔዥያ የሚመጡ ጀልባዎችን ባሕር ኃይሉ መሐል ባሕር ላይ ያስቁም፣ ይመልስ የሚል። የፓርላማ ምርጫ ደግሞ ቀርቧል፣ ኅዳር 10 ነው።

ጥቅምት 6 ቀን አደላይድ የአውስትራሊያ ግዛት ከሆነችው ክሪስማስ ደሴት በስተሰሜን 100 የባሕር ማይል ያህል ርቀት ላይ አንዲት የእንጨት ጀልባ አገኘች። ከነሠራተኞቹ 223 ሰው ጭናለች፣ አብዛኞቹ ኢራቃውያን፣ ቤተሰብ ከነልጁ። ተመለሱ ተባሉ፣ አልተመለሱም። በማግስቱ ጥቅምት 7 ሊነጋ ሲል መርከቧ ከጀልባዋ ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ የማስጠንቀቂያ ጥይት ተኮሰች። ይህን አልደብቅህም፣ ልጆች ባሉበት ጀልባ ፊት መተኮስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትእዛዝ ነበር፣ መርከበኞቹም ፈጸሙት። ከዚያ ወታደሮች ጀልባዋ ላይ ወጡ። ተሳፋሪዎቹ ተጨነቁ፣ ተቆጡ። ወንዶች በራሳቸው ፈቃድ ባሕር ውስጥ ዘለው ገቡ፣ ሁሉም ተለቅመው ተመለሱ። አንድ ሰው ልጅ ወደ ላይ አንስቶ አሳየ። ወደ ባሕር የተጣለ ልጅ ግን አልነበረም። አንድም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከስልክ። በዚያች ሰዓት የመርከቧ አዛዥ ኖርማን ባንክስ መርከቧ ከምትመራበት ክፍል ቆሞ ያንን ሁሉ እየመራ ሳለ፣ ዳርዊን ከተማ ካለው የጦር ዕዝ ብርጋዴር ማይክ ሲልቨርስቶን ደወለለት። ሲልቨርስቶን ከዚያ ንግግር የያዘው ልጅ ወደ ባሕር ተጥሏል የሚል ነው። ባንክስ እንዲህ አላልኩም ብሏል። ያቺ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ካንብራ ገባች። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሩዶክ ለጋዜጠኞች ልጆች ተወርውረዋል አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ እንደነዚህ ዓይነት ሰዎች አገራችን ውስጥ እንዲገቡ አልፈልግም አለ። በቃ፣ አገር ምድሩ አመነ።

በማግስቱ ጥቅምት 8 የጀልባዋ ሞተር ተበላሽቶ አደላይድ እየጎተተቻት ሳለ መስጠም ጀመረች። ከሰዓት በኋላ 223ቱም ሰዎች ውሃ ውስጥ ገቡ። መርከበኞቹ የነፍስ አድን ጀልባዎችን ጣሉ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ባሕር ውስጥ ዘለው ሴትና ሕፃን ደግፈው ያዙ። ሁሉም ዳነ። 223 ሰው፣ አንድ ሳይጎድል! ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በዚያው ወር ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ስሟ የማይታወቅ ሌላ ጀልባ ሰጥማ 353 ሰው አልቋል፣ ከጎኗ የጦር መርከብ አልነበረም። ልዩነቱን አስበው።

ፎቶ ተነስቷል። ሁለት መርከበኞች ውሃ ውስጥ ሆነው ሰዎችን ደግፈው የሚያሳዩ ፎቶዎች ናቸው፣ መርከበኞቹም የኮሩባቸው። ፎቶዎቹ ካንብራ ደረሱ። ጥቅምት 10 የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒተር ሪት ለመገናኛ ብዙኃን አወጣቸው፣ ልጆች ተወርውረዋል ለተባለው ማስረጃ አድርጎ። የመዳን ፎቶ የመወርወር ማስረጃ ሆነ። ቀኑን የሚገልጸው ጽሑፍ አብሮ አልወጣም። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ፣ እነዚያ ሁለት መርከበኞች ለሰው ነፍስ ሲሉ ውሃ ውስጥ የገቡበት ምስል በዚያው ሰው ላይ መክሰሻ መደረጉ ነው።

እዚህ ላይ ሙያዬ ይግባልኝ። መርከብ ላይ መዝገብ የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዱ ነገር ከነደቂቃው ይጻፋል። ሞተር ቆመ፣ አቅጣጫ ተለወጠ፣ ሰው ውሃ ገባ፣ ሰው ወጣ። ከተሳሳትክ መፋቅ አይፈቀድም፤ በአንድ መስመር ሰርዘህ፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ትተህ፣ ትፈርማለህ። እኔ ጀማሪ እያለሁ አለቃዬ ገጽ ቀድጄ ሲያየኝ የተቆጣኝን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የአደላይድ ሰዎችም እንዲሁ አድርገዋል። በቀናት ውስጥ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፈው ወደ ላይ ላኩ፣ መርከበኞቹም ያዩትን በቃላቸው ሰጡ፣ ልጅ የሚወረወር ያየ አንድም አልነበረም። ባንክስ ለአለቆቹ ይህንኑ ነገራቸው። ፎቶዎቹ የመስጠሙ ቀን እንደሆኑም ለመከላከያ ኃላፊዎች ተነገረ። ኅዳር 7 ደግሞ ተጠባባቂ የጦር ኃይሎች ዋና አዛዡ አንገስ ሂውስተን በቀጥታ ለሪት በስልክ ልጆች ለመወርወራቸው ማስረጃ የለም አለው። ምርጫው ሦስት ቀን ቀርቶታል። መንግሥት ግን ቃሉን አላረመም፣ ምርጫውም አለፈ፣ ሃዋርድም አሸነፈ።

በ2002 የአውስትራሊያ ሴኔት አጣራ። የኮሚቴው ስም ራሱ «ስለ አንድ የባሕር ላይ ክስተት» የሚል ነው። ሪት ቀርቦ አልመሰከረም። ባንክስና ሌሎች መኮንኖች ቀረቡ፣ መዝገቡም ቀረበ። ጥቅምት 2002 የወጣው ዘገባ ልጅ አልተወረወረም ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ማንም ሰው «አደላይድ የተባለችው መርከብ ልጆች ሲወረወሩ አይታለች» ቢልህ፣ አይደለም በለው። አልተወረወሩም ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

እኛ ሐበሾች ይህን ታሪክ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም ባይ ነኝ። ከኦቦክ ወደ የመን፣ ከሊቢያ ወደ ጣሊያን በእንዲህ ዓይነት ጀልባ የሄዱ ልጆች የሌሉት ሰፈር የለንም። ጀልባ ላይ ስላለ ሰው የሚወራውን ማንም ሄዶ አያጣራውም፣ ባሕር ላይ ነዋ። በዚያን ጊዜ የተጣራው የሚጽፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልጨርስ። አደላይድ ከዚያ በኋላም ሠርታለች። ወደ ባሕረ ሰላጤው ደጋግማ ሄዳለች፣ በ2006 ምሥራቅ ቲሞር እንደገና ሲታመስም ደርሳለች። ነገር ግን አርጅታ ነበር። ስድስቱንም ፍሪጌቶች ለማደስ ታስቦ ነበር፣ ወጪው ግን ናረ፣ መጨረሻ ላይ አራቱን ብቻ ለማደስ ተወሰነ። የቀሩት ሁለቱ፣ ካንብራና አደላይድ፣ ገንዘቡን ለእህቶቻቸው ትተው ቀድመው ወጡ። አደላይድ ጥር 19 ቀን 2008 ባንዲራዋ ወረደ።

አሁን ያየኸው ቪዲዮ። ያረጀ መርከብ ወይ ተቆራርጦ ብረቱ ይሸጣል፣ ወይ ደግሞ ተጸድቶ ይሰጥምና ዓሣ የሚራባበት፣ ጠላቂ ዋናተኞች የሚጎበኙት ይሆናል። አደላይድ ለኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ተሰጠች፣ ከሲድኒ በስተሰሜን አቮካ በምትባል የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት እንድትሰጥም። መጋቢት 2010 ተቀጠረ። የአካባቢው ሰዎች ግን ተቃወሙ፣ ቀለሟ እርሳስ አለበት፣ ሽቦዋ መርዝ አለበት፣ ባሕራችንን ይበክላል አሉ። ተከራከሩ፣ ዳኞችም ሰሙዋቸው፣ የቀረው ሽቦና እየተላጠ ያለው ቀለም እንዲወጣ ታዘዘ። ሥራው አንድ ዓመት ዘገየ። እኔ በዚህ ላይ ከነዋሪዎቹ ጎን ነኝ። የድሮ መርከብ ውስጥ ምን እንዳለ እጄን አስገብቼ የማውቀው ነው፣ ያን ሁሉ ይዞ መስጠም የለበትም።

ሚያዝያ 13 ቀን 2011 ሁሉም ተዘጋጀ። ሕዝቡ ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ። ዶልፊኖች መጡ! በመርከቧ ዙሪያ ሲዋኙ ታዩና እስኪርቁ ድረስ ፈንጂው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ከዚያ ፈነዳ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ገባች። ከዳርቻው 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ 32 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ አሸዋ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጠላቂዎች እንዲገቡባት ጎኗ ላይ ቀዳዳ ተቆርጦላታል።

ከእህቶቿ ደግሞ ዳርዊን በእኛ አካባቢ ነው ስሟን ያስጠራችው። ሚያዝያ 2014 ከኬንያ ጠረፍ ወጣ ብላ በአንዲት የእንጨት መርከብ ላይ በሲሚንቶ ከረጢቶች መሐል የተደበቀ 1032 ኪሎ ሄሮይን ያዘች። በ2016 ደግሞ ከኦማን ጠረፍ ወጣ ብላ ወደ ሶማሊያ እየሄደች ነው ከተባለች ጀልባ ላይ 1989 ክላሽንኮቭና 100 የአርፒጂ ማስወንጨፊያ አወጣች። ሜልበርንና ኒውካስል በ2020 ለቺሊ ተሸጠው እስከ ዛሬ ስማቸው ተለውጦ ይሠራሉ።

የስሙ ነገር ቀላል ነው። ባሕር ኃይል ስም አይቀብርም፣ ይወርሳል። ከፍሪጌቷ በፊትም ከ1922 ጀምሮ ያገለገለች አደላይድ የምትባል ክሩዘር ነበረች። ዛሬ በዚህ ስም የምትጠራው ደግሞ ታኅሣሥ 2015 ሥራ የጀመረች ሔሊኮፕተርና ወታደር የምትጭን በጣም ትልቅ መርከብ ናት፣ ክብደቷ ፍሪጌቷን ስድስት እጥፍ ይበልጣል።

አንተን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አደላይድ ዱቧንና ቡሊሞርን ይዛ ፍሪማንትል ወደብ የገባችው ጥር 13 ቀን 1997 ነው። አጎትህ ያኔ ፐርዝ ከነበረ፣ ወደቡ ላይ ወጥቶ አይቷት እንደሆነ ጠይቀውና እዚሁ ጻፍልኝ።